ምስሉ ከእኛ፣ ድምፁ ከጎረቤት

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አባዬ መዶሻውን አስቀመጠ። ሲጻፍ ቀላል ነገር ይመስላል። እኔ ግን ከእሱ ጎን ተቀምጬ ጫማ መስፋት ከጀመርኩ ወዲህ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መዶሻውን ሲያስቀምጥ አይቼው አላውቅም። ሽርጡን ፈታ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ደንበኛ የሚቀመጥበትን አግዳሚ ወንበር ራሱ ጎትቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት አደረገና ተቀመጠ።

«እንግዲህ ድምፅ ነው ካላችሁ፣ ዛሬ በጆሮዬ እሰማዋለሁ» አለ። «ሰምቼው ሥራ ከሆነ፣ ሥራ ነው እላለሁ። ካልሆነ ግን ከዛሬ ወዲያ ማንም ይህን ወሬ እንዳያነሳብኝ።»

እማዬ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። 

ወሬው የእታለም ወሬ ነው። ታላቅ እህቴ ናት። ከእኔ በፊት በዚህ ሱቅ ውስጥ ሶል የምትሰፋው እሷ ነበረች። እጇ ከእኔ እጅ ይልቅ ቀጥ ያለ ነው፤ ይህን አባዬም አይክድም። በኋላ ለፊልም ድምፅ ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ተዋወቀችና ሄደች። ፊልም ሲቀረጽ የሰዎቹ ንግግር እንጂ ኮቴው፣ የበሩ ሲጥታ፣ የልብሱ ኮሽታ ጥርት ብሎ አይያዝም አሉ። ስለዚህ በኋላ አንድ ሰው ክፍል ዘግቶ፣ ምስሉን እያየ፣ ያንን ሁሉ በእጁና በእግሩ እንደገና ይሠራዋል። እታለም የምትሠራው ይህንን ነው።

አባዬን ይህ አልዋጥልህ አለው። «ሰው ሲራመድ እግሩ ራሱ ይሰማ የለ እንዴ? ለኮቴ ደግሞ ሠራተኛ ይቀጠራል?» ይላል።

ነገሩ በዚህ ብቻ ቢያበቃ ደግ ነበር። እታለም ግን ስትሄድ አንድ ጆንያ ጫማ ይዛ ሄደች። ከሱቃችን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ባለቤቶቻቸው ሳይወስዷቸው የቀሩ ጫማዎች አሉ። ሌላ ጫማ ሠሪ ቢሆን ይሸጣቸዋል። አባዬ አይሸጥም። «ጫማውን ጥሎ የሚቀር ሰው የለም፤ ቢዘገይ ነው» ይልና በየጊዜው አቧራቸውን ያራግፋል፣ ቀለም ይቀባቸዋል። እሷ ከእነዚያ መርጣ ወሰደች። «እራመድባቸዋለሁ እንጂ አላጠፋቸውም» አለችው። «የሰው አደራ ነው የወሰድሽው» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእሷ የሚለው ነገር ሁሉ በእማዬ በኩል ነው የሚያልፈው። «ለልጅሽ ንገሪያት።» «ልጅሽን ጠይቂያት።» ልጅሽ! እሱ ያልወለዳት ይመስል።

አሁን ልጅየዋ ለሽልማት ታጨች። የዓመቱ ፊልሞች ሽልማት፣ በቀጥታ ስርጭት፣ አገር እያየ።

ሱቃችን ጠባብ ናት። ያም ሆኖ ባለሱቋ ጎረቤታችን ሱቋን ዘግታ፣ ፔርሙስ ሻይ ይዛ መጣች። አንድ የታክሲ ሹፌር ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብሏል፤ የቀኝ ጫማው ሶሉ ተገንጥሎ አባዬ ጋ ስለሆነ መሄድ አይችልም። ባዶ እግሩን በሌላኛው እግሩ ላይ አነባብሮ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ሽልማቱ እስኪያልቅ የእኔ ጫማ ቀረ ማለት ነው?»

«ሲያልቅ ትሰማለህ» አለው አባዬ።

እውነቱን ነው። በሱቃችን ጫማ ሲያልቅ አባዬ አይጣራም። በእግር ቅርጽ የተሠራ ብረት አለን፣ ጫማውን ገልብጠን የምንደግፍበት። ያንን ብረት በመዶሻው ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ይመታና፣ ትንሽ ቆይቶ አንዴ ይደግማል። ጠቅ ጠቅ… ጠቅ። «አለቀ፣ ባለቤቱ ይምጣ» ማለት ነው። በር ላይ የቆመ ደንበኛ ሁሉ ይህን ያውቃል።

በቴሌቪዥኑ ላይ ሰዎቹ በቀዩ ምንጣፍ ላይ እየገቡ ነበር። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ጠፍቷል፤ ለጊዜው ማንም ግድ አላለውም።

«እዩት፣ እዩት! ይሄ ሰውዬ ባለፈው ሞቶ አልነበር እንዴ?» አለ ሹፌሩ።

«በፊልሙ ነዋ የሞተው» አለች ባለሱቋ።

«በፊልሙም ይሁን፣ ሲቀበር አልቅሼለታለሁ። እንባዬን ይመልስ!»

«ቀሚሷን ተመልከቱ በሞቴ። ይህን ሁሉ ጨርቅ ማን ይሸከምላታል?»

«ከኋላዋ ያለውስ ልጅ ለምን ተቀጠረ?»

አባዬ ፊት አያይም። ዐይኑ ወለሉ ላይ ነው። «ይቺኛዋ ታኮዋ እስከ ራት አይደርስም» ይላል። «ይሄኛው ጫማው ጠቦታል፤ አረማመዱን እዩት፣ እንደ ዶሮ። ሀብታም ሆኖ በልኩ አይገዛም?» እማዬ ደግሞ አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግታ ልጇን ትፈልጋለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዞር በይልን እንጂ!»

«ቆይ… ቆይ… ያቻት! ከኋላ! ከምሰሶው አጠገብ!»

እውነትም እታለም ነበረች። ካሜራው አልፏት ሄደ እንጂ፣ ሰማያዊ ልብስ ለብሳ፣ ጣቶቿን አቆላልፋ ተቀምጣለች።  ሁላችንም አንድ ላይ ጮህን፤ ሹፌሩ አይቷት እንኳ አያውቅም፣ ከሁላችንም በላይ የጮኸው ግን እሱ ነው።

ከዚያ መብራቱ ደመቀ፤ መድረኩ ላይ ረጅም ሰው ወጣ። አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሺ። አሁን ድምፁን ክፈቱት።»

እዚህ ላይ ስለ መቀስ መናገር አለብኝ። መቀስ የምንለው ከግድግዳው ማዶ ያለውን ፀጉር አስተካካይ ነው። እሱ ደግሞ አባዬን ጋሽ መዶሻ ይለዋል። ግድግዳው ስስ ሰሌዳ ነው። የመቀስ ቴሌቪዥን ከጠዋት እስከ ማታ ይጮሃል፤ ሲብስበት አባዬ ግድግዳውን በመዶሻው አንድ ጊዜ ጓ ያደርገዋል፤ መቀስ ይቀንሳል። መቀስ በተራው «አንተ ምስማር በመታህ ቁጥር እጄ እየዘለለ የደንበኛ ጆሮ ልቆርጥ ነው» ይላል። አባዬ ወደ እሱ ቤት እግሬን አላነሳም ብሎ ምሏል። እንዲህ ከተጣሉ በኋላ አባዬ በእኛ ቴሌቪዥን ላይ ሕግ አወጣ፤ «ሰውን የሚከስ ራሱ ንጹሕ ይሁን» አለና ድምፁን አስጠፋው። እኛም ኳሱንም ዜናውንም እንዲሁ በዝምታ ስናይ ኖርን። ለምደነው ነበር።

ሪሞቱን አንስቼ የድምፁን ቁልፍ ተጫንኩ። መስመሩ በቴሌቪዥኑ ላይ አንድ፣ ሁለት እያለ ሞላ። ሰውየው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ምንም የለም።

«ጨምረው እንጂ!»

«ሞልቷል አባዬ።»

«እንዴት ሞላ? አይሰማም እኮ!»

ሹፌሩ ተነስቶ በአንድ እግሩ እየዘለለ ሄደና የቴሌቪዥኑን ጎን በጥፊ መታው። ባለሱቋ ሮጣ ሄዳ ከሱቋ አዲስ ባትሪ አመጣች። ባትሪው ተቀየረ። ሽቦው ተነቀለ፣ ተሰካ። ምስሉ ከመቼውም በላይ አማረ፤ ድምፁ ግን የለም።

«ይሄ ነገር ድምፁ ሞቷል» አለ ሹፌሩ።

«ነፍሱን ይማር» አለች እማዬ ሳታስበው። «መቼ ሞተ?»

የሚያውቅ የለም። ባለፈው ወር ይሁን አምና፣ ከእኛ መሃል ድምፅ ከፍቶ የሰማ ማን አለ? ባለሱቋ «ቆይ በስልኬ ላምጣው» አለች። ስልኳ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ መሽከርከር ጀመረች። ተሽከረከረች፣ ተሽከረከረች፣ ባለሱቋ ራሷ ደከማት።

አባዬ ከወንበሩ አልተነሳም። ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። «እንግዲህ እኔ እሰማለሁ ብዬ ነበር» አለና ሽርጡን ለማንሳት እጁን ዘረጋ።

ያኔ ነው ከግድግዳው ማዶ ጭብጨባ የሰማነው። የመቀስ ቴሌቪዥን!

ሁላችንም ግድግዳውን አየን። ከዚያ አባዬን አየን። ከዚያ፣ እንዴት እንደሆነ ሳላውቀው፣ ሁሉም ሰው እኔን ማየት ጀመረ።

«ሂድ» አለች እማዬ። «አፍ አውጥተህ ጠይቀው። ልጄ ትሙት፣ ዛሬ እንኳ ተናገር።»

እኔ ለሰው መናገር ይከብደኛል። ደንበኛ ሲመጣ እንኳ ዋጋውን አባዬ ነው የሚናገረው። ግን ሽርጡን የያዘውን የአባዬን እጅ አየሁና ወጣሁ።

የመቀስ ቤት ሙሉ ነበር። አንዱ ወንበር ላይ፣ ግማሽ ፀጉሩ ተቆርጦ ግማሹ የቀረ ሰው ተቀምጧል፤ ሌሎቹ በሰልፍ። መቀስ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።

«ዝምታው! ምን እግር ጣለህ? አባትህ ግድግዳው ሰለቸውና ሰው መላክ ጀመረ?»

«ድምፁን…» አልኩ።

«አውቃለሁ፣ ዝቅ ላድርግ። ዛሬ ሽልማት ነው፣ አንድ ቀን ቢታገሡን ምን አለ?»

«አይ… ከፍ…»

ቶንዶሱን አጠፋ። ቤቱ ፀጥ አለ። «ምን አልክ? ድገመው።»

«ከፍ አድርግልን።»

መጀመሪያ የሳቀው ግማሽ ፀጉሩ ነው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። «ጎበዝ፣ ሰማችሁ? ጋሽ መዶሻ ድምፅ ይጨመርልኝ አሉ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሏል ይሄ ነው!» እያለ መቀስ ጭኑን መታ። ጆሮዬ ጋለ። ግን ወጥቼ አልሄድኩም።

«እህቴ ታጭታለች» አልኩ። «ለድምፅ ሥራ። የእኛ ቴሌቪዥን ደግሞ ድምፅ የለውም። አባዬ እንዲሰማት ነው።»

ሳቁ ቆመ። መቀስ ማበጠሪያውን ኪሱ ከተተ። «ያቺ እታለም? በልጅነቷ በቅማል ሰሞን እኔ የላጨኋት? እና እስካሁን ምን ትጠብቃለህ?» ቴሌቪዥኑን ከነመደርደሪያው አቅፎ ግድግዳው ሥር ወሰደው፤ ጀርባውን ሰሌዳው ላይ አስጠጋውና ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀው። መስታወቶቹ ተንቀጠቀጡ። «ሂድ ንገራቸው! ከበዛባቸው እንደ ልማዳቸው ግድግዳውን ይምቱ፣ እቀንሳለሁ!»

ስመለስ ሱቃችን በድምፅ ተሞልታለች። እማዬ ግንባሬን ሳመችኝ። አባዬ ሽርጡን ወደሚሰቅልበት ምስማር መልሶታል።

ያኔ ሌላ ጉድ ታየ። የእነሱ በአንቴና፣ የእኛ በዲሽ ስለሆነ ይሁን በሌላ አላውቅም፤ ድምፁ ከምስሉ ቀድሞ ይደርሳል። ሴትዮዋ ገና ደረጃ ስትወጣ ጭብጨባዋ ያልቃል። ሰውየው ገና ሳይናገር ሰው ይስቅለታል።

«አሁን ታለቅሳለች» አለ ሹፌሩ ልቅሶውን ከግድግዳው ሰምቶ። ሴትዮዋ አለቀሰች።

«አሁን ይወድቅበታል።» ሰውየው ሽልማቱን ጣለው።

«ነቢይ ሆንክ እኮ አንተ!»

«ታዲያ! እስቲ ጫማዬ መቼ እንደሚያልቅም ትንቢት ልናገር… አይታየኝም፣ ጨለማ ነው።»

ባለሱቋ የምትወዳት ተዋናይት ስሟ ሳይጠራ ቀረ። ሽንፈቷን በጆሮዋ ሰምታ ስታበቃ፣ በምስሉ ላይ ተዋናይቷ ገና በተስፋ ፈገግ ብላ ተቀምጣለች። «አትሳቂ እህቴ፣ አትሳቂ፣ ተበልተሻል» እያለች በእጇ ምልክት ትሰጣታለች። ሻይዋ ቀዘቀዘ።

ከዚያ በግድግዳው በኩል መጣ። «ቀጣዩ ሽልማት፣ ምርጥ የድምፅ ሥራ።»

እማዬ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ መልሳ አጠለቀችው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አባዬ ተነሳና ወደ ግድግዳው ሄዶ ጆሮውን ሰሌዳው ላይ አሳረፈ። ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጠ።

«እጩዎቹ አራት ናቸው» አለ ሰውየው። የመጀመሪያው የጦርነት ፊልም ነው። ግድግዳው ጓ ሲል እማዬ ዘለለች።

«ይሄ ራሱ የሚጮህ ነገር ነው» አለ አባዬ። «ፈንጂን ማን ያስተምረዋል?»

ሁለተኛው ባሕር ነበር። አባዬ ራሱን ነቀነቀ። ሦስተኛው ጫካ፣ ወፎች። «ወፎቹን ይሸልሟቸዋ።»

ከዚያ አራተኛው መጣ። ግድግዳው ዝም አለ። በእኛ ቴሌቪዥን ላይ ወፎቹ ገና መብረር መጀመራቸው ነው። ከማዶ ግን ኮቴ ተሰማ። አንድ ሰው በባዶ ኮሪደር ላይ ይሄዳል። ቀስ ይላል። ይቆማል። ደግሞ ይሄዳል።

«ዝም በሉ» አለ አባዬ። የተናገረ ሰው አልነበረም።

«የቆዳ ሶል ነው» አለ ለራሱ። «በሁለት ክር የተሰፋ።» ደግሞ አዳመጠ። «ግራው ታኮ ብረት አለው። ቀኙ የለውም።»

ኮቴው ቆመ። በር አጠገብ የቆመ ሰው ትንፋሽ ተሰማ። አላንኳኳም። ዞረ። መመለስ ጀመረ።

አባዬ ጆሮውን ከግድግዳው ሳያነሳ ዐይኑን ጨፈነ። «የመምህሩ ነው።»

«የቱ መምህር?» አለች እማዬ።

«ያ ግራ እግሩን የሚጎትተው! ወደ ሌላ ከተማ ቀይረውት ጫማውን ሳይወስድ የቀረው! ግራው ቶሎ ስለሚያልቅበት ብረት የመታሁለት እኔ ነኝ። በዚህ እጄ!»

እኔም ጫማዎቹን አስታወስኳቸው። ቡናማ፣ አፍንጫቸው ላይ የተጨማደዱ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ጥግ። ቦታቸው አሁንም ባዶ ነው። አባዬ በላዩ ሌላ ጫማ አላስቀመጠበትም።

አሁን ምስሉ ደረሰ። ስመ ጥር ተዋናይ በኮሪደር ላይ ይሄዳል። ጫማው ጥቁር፣ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ።

«ጋሼ፣ ይሄ ተዋናዩ እኮ ነው የሚሄደው» አለ ሹፌሩ።

«እግሩ የእሱ ነው» አለ አባዬ። «ኮቴው የመምህሩ ነው። አልሰማህም እንዴ? ግራውን ይጎትታል። እዚህ በር ላይ ሲገባ እንዲህ ነበር የሚጎትተው፤ ልክ እንዲህ! ያኔ እዚህ ቁጭ ብላ ስትሰፋ ትሰማው ነበር።» ወደ ቴሌቪዥኑ በጣቱ አመለከተ። «ልጄ ናት የምትሄደው። በመምህሩ ጫማ ልጄ ናት የምትሄደው!»

የእማዬ እጅ ክንዴን ጨበጠው።

አባዬ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። አንድ ጊዜ ወደ እኛ ዞረ፣ አንድ ጊዜ ወደ መደርደሪያው። ከዚያ መዶሻውን አነሳና፣ በደስታ፣ ያለ የሌለ ኃይሉን ሰብስቦ ግድግዳውን ጓ አደረገው።

ግድግዳው ፀጥ አለ። ፍጹም ፀጥ።

«እሺ ጋሽ መዶሻ፣ ቀንሻለሁ!» አለ መቀስ ከማዶ።

«ኧረ ተው!» ብላ ባለሱቋ ራሷን ያዘች። «አንተ ሰውዬ ምን አደረግኸን!»

አባዬ መዶሻውን አየ፣ ግድግዳውን አየ። አፉ ተከፍቶ ቀረ። በእኛ ቴሌቪዥን ላይ ተዋናዩ ገና ከበሩ እየተመለሰ ነው። ከማዶ ግን፣ በዚያ ፀጥታ ውስጥ፣ ፖስታው እየተከፈተ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ጮህኩ። እኔ! ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ግድግዳውን በሁለት እጄ ይዤ «ጨምር! መቀስ! በአምላክ ጨምር!» ብዬ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ሹፌሩ በኋላ ሲነግረኝ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መናገር የማልችል ሰው መስዬው ነበር አለኝ።

ድምፁ ተመለሰ። ጭብጨባ ብቻ። ስሙ ተጠርቶ አልፏል።

«አመለጠን» አለች እማዬ። «ማን ነው? ማን ተባለ?»

«ምስሉ!» አለ ሹፌሩ። «ምስሉ ገና ነው! ገና አልደረሰም!»

ከግድግዳው ተላቀን በቴሌቪዥኑ ላይ ተረባረብን። ሴትዮዋ ፖስታውን ይዛለች። ጥፍሯ ረጅም ስለሆነ ማኅተሙ አልላቀቅ ብሏታል። «ቅደጂው! በጥርስሽ!» ይላል ሹፌሩ። ቀደደችው። አነበበች። ፈገግ አለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እማዬ «ምን አለች? ምን አለች?» እያለች ከንፈሯን አብራ ታንቀሳቅሳለች።

በዚያች ቅጽበት ግድግዳው ተመታ። ከማዶ! ያ ግድግዳ ከዚያ በኩል ሲመታ ያ ቀን የመጀመሪያው ነው። በአንድ እጅ አይደለም፤ በሃያ እጅ፣ በቡጢ፣ በወንበር፣ በምን እንደሆነ እንጃ። መቀስ «የእኛ ልጅ ናት! የእኛ ልጅ!» ይላል።

በምስሉ ላይ አራት ፊቶች ነበሩ። ሦስቱ ያጨበጭባሉ። አራተኛዋ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች።

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ በቅደም ተከተል ልጽፈው አልችልም። ባለሱቋ ፔርሙሱን አቅፋ ዞረች። ሹፌሩ ባዶ እግሩን ረስቶ ሲዘልል ምስማር ረገጠና እያነከሰ መዝለሉን ቀጠለ። እማዬ የቴሌቪዥኑን መስታወት ሳመችው፣ እታለም ስትነሳም፣ ስትሄድም፣ ደረጃውን ስትወጣም። አባዬ ብቻ ቆሞ ያዳምጣል፤ ድምፅዋ ከምስሏ ቀድሞ መጥቶ ነበርና።

«አመሰግናለሁ» አለች ከግድግዳው ውስጥ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ብዙ መናገር አልችልም። ቤተሰቦቼ እያዩኝ ነው። እያዩኝ እንጂ እየሰሙኝ አይደለም፣ አባቴ የቴሌቪዥን ድምፅ አይከፍትም።» ሰው ሳቀ። «ስለዚህ ለእሱ በሚያየው ቋንቋ ልንገረው።»

ጠቅ ጠቅ… ጠቅ።

አባዬ ቀጥ አለ። ምስሉ ገና አልደረሰም፤ በቴሌቪዥኑ ላይ እታለም ገና የማይክሮፎኑን አንገት እያጎነበሰች ነው። እሱ ግን አስቀድሞ አይቶታል። ከዚያ እኛም አየን፤ ሽልማቱን በአንገቱ ይዛ፣ በመቆሚያው እግር የመናገሪያውን ጠረጴዛ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ መታች፣ ቆየች፣ አንዴ ደገመች።

አለቀ። ባለቤቱ ይምጣ።

አባዬ መዶሻውን አነሳ።

«ግድግዳውን እንዳትመታ!» ብለን ሁላችንም በአንድ ድምፅ ጮህን።

ግድግዳውን አልመታም። ወደ ብረቱ ሄደና መለሰላት። ጠቅ ጠቅ… ጠቅ።

«የእኔ ጫማ አለቀ?» አለ ሹፌሩ።

አባዬን ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። አባዬ ሲስቅ ትከሻው ነው የሚስቀው፤ ድምፅ የለውም።

ብዙም ሳይቆይ የመቀስ ቤት ሰዎች በሙሉ በራችን ላይ ነበሩ፣ ግማሽ ፀጉሩም ጭምር፣ አንገቱ ላይ ያለውን ጨርቅ ሳያወልቅ። መቀስ ደፉን ሳይሻገር ቆመ።

«ግባ እንጂ መቀስ» አለው አባዬ። «ድምፅህ ጥሩ ነው።»

«መዶሻህም ክፉ አይደለም» አለ መቀስና ገባ።

ፀሐይዋ ገና በራችን ላይ ሳለች የእማዬ ስልክ ጮኸ። እማዬ አለቀሰች፣ መረቀቻት፣ በላሽ ወይ አለቻት፣ ደግሞ አለቀሰች። ባለሱቋ ተቀብላ አንድ ጊዜ ጮኸችባት። እኔ «እታለም» ብቻ አልኩና ስልኩን መለስኩ። አባዬ እጁን ዘረጋ።

እማዬ በልማድ «ምን ልበላት?» አለችው።

«ስልኩን ስጪኝ» አላት።

ጆሮው ላይ አደረገው።  ሁለቱ ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

«ሰማሁሽ» አላት። ጉሮሮውን ጠረገ። «በዐይኔ አይደለም። በጆሮዬ ነው የሰማሁሽ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።»

ከስልኩ ውስጥ የሆነ ነገር ተሰማ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁም።

«ስሚ። የመምህሩ ጫማ፣ ግራው ታኮ ላይ ያለው ብረት ላልቷል። ከበሩ ስትመለሺ ይንቀጫቀጫል፤ አልሰማሽውም? ለሌላ ሥራ ሳትጫሚው በፊት ይዘሽው ነይ፣ እመታልሻለሁ።»

ትንሽ አዳመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ ላይኛውን መደርደሪያ አየ።

«አይ፣ ጆንያውን አይደለም» አላት። «እሱን ብቻ። ሌሎቹ እዚያው ይሁኑ። ይራመዱ።»